በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?

መርካቶ ገብቶ ዋጋ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄው በጥያቄ ይመለስለታል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ዋጋው ሁለት ነው። በመካከል ያለው ደግሞ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ።

እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት እንጂ ፊዚክስ አይደለም። ይቺ ጥያቄ ግን ሉድዊግ ቦልትዝማንን (1844–1906 እ.ኤ.አ.) ታስታውሰናለች። እያንዳንዱ አቶም ወይ ምድር ቤት ወይ ፎቅ ላይ ብቻ ይኖራል እንበል። ፎቅ መውጣት ጉልበት ያስከፍላል፤ ጉልበቱ የሚገኘው ከሙቀት ነው። የአንዱን አቶም ውሎ መተንበይ አይቻልም፤ የብዙዎቹን ድርሻ ግን ይቻላል። የደረጃው ወጪና የሙቀቱ ጉልበት እኩል ሲሆኑ ከ100 አቶሞች 27ቱ ያህል ፎቅ ላይ ይገኛሉ። ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን 38፣ አሥር እጥፍ ሲሆን 48። ቢነድም ቢጋይም ግን ከ50 አያልፉም!

መርካቶ ውስጥ ፎቁ ደረሰኝ መቁረጥ ነው እንበል። ቁጥጥርና ቅጣት ደግሞ ሙቀት። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሙቀቱ ሲጨመር የሆነውን አይተናል፤ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። የቸርቻሪዎቹ አቤቱታም ግልጽ ነበር፦ አስመጪና ጅምላ ሻጭ ደረሰኝ ካልሰጠን እኛ ከየት እናምጣ?

ነጋዴ አቶም አለመሆኑን እናውቃለን። አቶሞቻችን አይመካከሩም፤ በመርካቶ ግን ወሬ ከሸማ ተራ ምን አለሽ ተራ ለመድረስ አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ አይፈጅበትም። አንዱ ሲዘጋ ጎረቤቱም የሚዘጋው ለዚህ ነው።

ቢሆንም ስሌቱ አንድ ነገር ይነግረናል። ሙቀት ብቻውን ብዙኃኑን ፎቅ አያወጣም። የሚያዋጣው ፎቁን ምድር ቤት ማድረግ ነው፤ ደረሰኝ መቁረጥ ካለመቁረጥ ይርከስ። ደረሰኙ ከአስመጪው ይጀምር፤ ያኔ ቸርቻሪው ሲገዛ የከፈለው ታክስ ለመንግሥት ከሚያስገባው ላይ ይቀነስለታል። ገዢውም ደረሰኝ የሚጠይቅበት ምክንያት ይኑረው፤ ታይዋን ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረሰኝን የሎተሪ ዕጣ አድርጋዋለች። እርከኖቹ ቦታ ከተለዋወጡ ያው የመጀመሪያው ሙቀት ከ100ው 73ቱን ደረሰኝ ቆራጭ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ እሳት መጨመር እንዲያውም ቁጥሩን ወደ 50 ይጎትተዋል።

ዛሬ የሚያሳዝነን ፎቅ ላይ ብቻውን የቆመው ነጋዴ ነው። በሐቅ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ደንበኛው ግን 15 በመቶ ለማትረፍ ጎረቤት ሲገባ ቆሞ ያያል። ይህን ሰው ተጨማሪ ቁጥጥር አይረዳውም። ደረጃውን የሚያስተካክልለት ሕግ ግን ይረዳዋል።