የመግቢያው ታፔላ የማን ነው?

በአሽዶድ የመኖሪያ ሰፈሮች በዕብራይስጥ ፊደል ይጠራሉ፤ ሮቫ አሌፍ፣ ሮቫ ቤት፣ ሮቫ ጊሜል እያለ ይቀጥላል። በአንዱ ሮቫ መግቢያ ላይ ያለ ታፔላ ቢደበዝዝ ነዋሪው በየቀኑ ያየዋል፤ አንዱ ባይደውል ሌላው ይደውላል። በሰሜናዊው የኢንዱስትሪ ቀጠና ግን ያለው ጠዋት ገብቶ ማታ፣ ወይም ማታ ገብቶ ጠዋት የሚወጣ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ፀሐይና የባሕር ጨው የታፔላውን ጽሑፍ ቢያጠፉት «ይመለከተኛል» የሚል ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ቀጠናው ከወደቡ አጠገብ ነው፤ የነዳጅ ማጣሪያውም ያለው በዚያው በኩል ነው። ሠራተኛ ቢጎዳ ወደ 101 የሚደውለው ሰው ያለበትን ቦታ መናገር አለበት። ሥራ ከጀመረች ሳምንት ያልሞላት፣ ዕብራይስጥም የሚከብዳት እናት ከታፔላው በቀር ምን ትጠቅሳለች? «ስልክ አለ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በ2024 በጦርነቱ ምክንያት ጂፒኤስ ሲታወክ፣ እዚሁ አገር ውስጥ ያሉ ስልኮች ባለቤቶቻቸውን ቤይሩት እንዳሉ አድርገው ሲያሳዩ አይተናል።

ታዲያ ኃላፊው ማን ነው? እንደ 41 ባሉ የከተማ ውጭ መንገዶች ላይ የቆመው ታፔላ የኔቲቬ እስራኤል ነው። በከተማው መንገዶች ላይ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ፣ በፋብሪካ በር ላይ የተሰቀለው ደግሞ የፋብሪካው ነው። ባለቤት አልጠፋም፤ የጠፋው ጠያቂ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቀለምና ብሩሽ ይዘን እንውጣ» ይላሉ። ሐሳባቸው ቅን ቢሆንም አንስማማም። የመንገድ ምልክት መጠኑም፣ ቀለሙም፣ በሌሊት መብራት ማንጸባረቁም በደንብ የተወሰነ ነው። ከዚህም በላይ አርኖና የሚከፈለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ ፋብሪካዎቹም ይከፍላሉ። የተከፈለበትን ሥራ በነፃ ብንሠራ ኃላፊውን ከኃላፊነቱ ማሳረፍ ይሆናል።

የእኛ ድርሻ መጠየቅ ነው። በ2002 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቴል አቪቭ-ያፎን፣ ራምላንና ሎድን ጨምሮ የተቀላቀለ ሕዝብ ያለባቸው ከተሞች በታፔላዎቻቸው ላይ ዓረብኛ እንዲጨምሩ ወስኗል። ያ ውሳኔ የመጣው አዳላ የተባለው ድርጅትና የሲቪል መብቶች ማኅበር ከሦስት ዓመት በፊት አቤቱታ ስላቀረቡ ነው። የእኛ ጥያቄ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ፍርድ ቤትም አያስፈልገውም። ፎቶ ማንሳት፣ 106 መደወል፣ የጥሪውን ቁጥር መያዝ፣ መልስ ካልመጣ በጽሑፍ መድገም ይበቃል።

ወላጆቻችን ይህን ማድረግ ይከብዳቸዋል። ቋንቋው አለ፤ «ነገረኛ እባላለሁ» የሚል ሥጋትም አለ። እኛ ግን በዕብራይስጥ ተምረናል፤ ማመልከቻ መጻፍ አያቅተንም። ስለዚህ በቀጠናው የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «እናንተ በምትገቡበት በኩል ያለው ታፔላ ይነበባል?» አይነበብም ካሏችሁ የመጀመሪያውን ስልክ እናንተ ደውሉ፤ እኛም እንደውላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።