ዶሮም ቁርስ ትበላለች

«ዶሮ ራሷን ትችላለች» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ቀድተው አጠጥተዋት አያውቁም። ነቀምትም ሆነ ኑኑ ቁምባ ዶሮ የሌለው ግቢ መፈለግ ያደክማል። ዶሮዎቹን ማን ነው የሚንከባከባቸው? እናት፣ ወይም ትምህርት ቤት የምትረፍድ እህት። ወንድምዬው በሞባይሉ የፈረንጅ በቀቀን ሲያይ ያረፍዳል!

እስቲ ሥራውን እንቁጠረው። ጠዋት ከቆጥ ሲወርዱ ውሃ ይፈልጋሉ። ዶሮ የምትጠጣው ውሃ ከምትበላው እህል እጥፍ ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ በትናንቱ ላይ መጨመር ሳይሆን ዕቃውን አጥቦ መለወጥ ነው። ቀጥሎ እህል። አገራችን የበቆሎ አገር ስለሆነ የሻገተው «ለዶሮ ይሁን» ይባላል። አይሁን! ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበቷን ይጎዳል፣ እንቁላሏንም ይቀንሳል። ደህናው በቆሎም ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ትንሽ የኑግ ፋጉሎ፣ ጎመን፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርበት። ማታ ደግሞ ኩሱን መጥረግ፣ መቁጠር፣ በሩን ከሸለመጥማጥ መዝጋት አለ።

ፈንግልስ? ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ቆጡን ባዶ ያደርገዋል። ክትባት ግን አለው፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት ዓይን ላይ የሚንጠበጠብ ክትባት ያመርታል። በየሦስት አራት ወሩ መደገም አለበት። ከገበያ የመጣች ዶሮም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ስሟን ከወለጋዋ ሆሮ ያገኘችውን የሆሮ ዶሮ፣ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘር እየመረጠ ሲያሻሽላት እንቁላሏ ጨምሯል። ደስ ይላል። ግን የቱንም ያህል የተመረጠ ዘር የራሱን ውሃ አይለውጥም።

ወዳጆቼ፣ ነገሩ የዶሮ ብቻ አይደለም። የእንቁላል ብር በብዙ ቤት ጨው፣ ዘይትና ደብተር ነው። ኩሱን የምትጠርገው እህት ሆና፣ ለበዓል አውራ ዶሮው ሲሸጥ ብሩን የሚቆጥረው ሌላ ከሆነ ፍትሕ የለም። ፈንግል ገብቶ ቆጡ ባዶ ሲሆን ደግሞ «አልተንከባከብሽም» ተብላ የምትወቀሰው ያቺው እህት ናት።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ወንዶች፣ የጠዋቱን ውሃ እናንተ ያዙ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ክትባቱ የሚሰጥበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ። እህታችሁ ደግሞ በሰዓቷ ክፍል ትግባ።