የቤት ሥራውን ስልክ ሲሠራው

አዋሽ ሰባት ኪሎ ሒሳብ አስተምራለሁ። በቅርቡ የኳድራቲክ እኩልታ የቤት ሥራ ሰጥቼ ደብተር ስሰበስብ መልሱ ሁሉም ዘንድ 2 እና 3 ነው፤ ልክ ነው። አሠራሩ ግን ገና ባላስተማርኩት ቀመር ነበር። አንዷን «ይሄ ከየት መጣ?» ብላት፣ «ቲቸር፣ ፎቶ ሳነሳው ስልኩ ሠራልኝ» አለችኝ። ስልክ የሌላቸው ደግሞ ከእሷ ገልብጠዋል።

እውነቱን ስለነገረችኝ አልተቆጣኋትም። የምሰጋው ለሌላ ቀን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር ስልክ ውጭ ቀረ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በስልክ አላሳብብም፤ የመጽሐፍ እጥረቱን እናውቀዋለን። ግን ብቻውን ከጥያቄ ጋር ታግሎ የማያውቅ ልጅ እዚያ ምን ይይዛል?

ስለዚህ አሁን ሦስት ጥያቄ ብቻ እሰጣለሁ። በማግስቱ ቁጥሩን ቀይሬ ጠመኔውን አስይዛቸዋለሁ፤ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» እላለሁ። አንዳንዴም ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚገባ የጭነት መኪና ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚፈጅ ሹፌሮችን ጠይቀው እንዲያሰሉ አዛለሁ። የሹፌሮቹ መልስ ይለያያል፤ ክርክሩ ያኔ ይጀመራል፣ አማካይ ማለት ምን እንደሆነም ሳልነግራቸው ይደርሱበታል።

ሰመራ ያለው የክልላችን ትምህርት ቢሮ አንድ ነገር ቢፈቅድልን እወዳለሁ፦ ለቤት ሥራ ደብተር የምንሰጠውን ማርክ ተማሪው ሰሌዳ ላይ ለሚያስረዳው እንድንሰጥ።