ማዕረግ እንደ ርስት አይወረስም

«ዳውንተን አቢ» የተሰኘውን የእንግሊዞች ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የተመለከተ ሰው፣ የታሪኩ ቋጠሮ አንድ ጥያቄ መሆኑን አይስተውም፤ ማዕረጉን ማን ይወርሳል? እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 የታየው ይህ ድራማ የሚጀምረው በ1912 «ታይታኒክ» መርከብ በሰጠመ ማግስት ነው። የግራንተም ኧርል የሚል ማዕረግ ያላቸው ሎርድ ሮበርት ሦስት ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ የላቸውም። ይወርሳሉ የተባሉት ዘመዶቻቸው፣ አባትና ልጅ፣ ከመርከቡ ጋር ሰጠሙ። ስለዚህ ማዕረጉ፣ መሬቱ፣ ግንብ ቤቱ፣ እመቤቲቱ ከአሜሪካ ይዘውት የመጡት ሀብት ጭምር፣ ቤተሰቡ ለማያውቀው የሩቅ ዘመድ፣ ለማንችስተሩ ጠበቃ ለማቲው ክራውሊ የሚተላለፍ ሆነ። የበኩር ልጃቸው ሜሪ ሴት በመሆኗ ብቻ በአባቷ ቤት እንግዳ ልትሆን ነው። ቋጠሮው በጋብቻ ተፈታ። ሜሪ ማቲውን አገባች፤ ወንድ ልጅም ወለደች፤ ማቲው በዚያው ዕለት በመኪና አደጋ ሞተ፤ የማዕረጉ ተስፋም በአራስ ሕፃን ላይ ዐረፈ።

ደራሲው ጁልያን ፌሎውስ ይህን ነገር ከቤታቸው ያውቁታል። ባለቤታቸው ኤማ የኪችነር ቤተሰብ ተወላጅ ናቸው። የመጀመሪያው ሎርድ ኪችነር ለእኛ ለጎንደሮችም ሩቅ ሰው አይደለም፤ በ1880 ዓ.ም. ከተማችንን ያቃጠለው የድርቡሽ ኃይል እ.ኤ.አ. በ1898 ኦምዱርማን ላይ ድል የሆነው በእርሱ ጦር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኤማ አጎት፣ ሦስተኛው ኧርል ኪችነር፣ ወንድ ወራሽ ሳይተዉ ሲሞቱ፣ የወንድማቸው ልጅ በሕይወት እያለች ማዕረጉ ጠፋ።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችን «የእኛም መኳንንት እንዲሁ ነበሩ» ማለት ይቀናናል። አልነበሩም። እንደ እኔ እምነት ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም፤ የራሳችንን ታሪክ በሌላ ሰው መነጽር እንድናይ ያደርገናልና።

የማዕረጎቻችንን ስሞች እስቲ እንመልከት። ፊታውራሪ ከጦሩ ፊት የሚቀድም ነው። ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ያዘምታሉ። እነዚህ ስሞች ከጌጥነታቸው በፊት የሥራ ቦታዎች ነበሩ። ቀኛዝማቹ ሲሞት ልጁ ገና ጡት ያልጣለ ቢሆን፣ ቀኙን ማን ያዝምት? ስለዚህ ማዕረግ የሚሰጠው ንጉሥ ወይም ታላቅ ገዥ ነበር፤ የሚነሣውም እርሱ ነው። የደጃዝማች ልጅ «ልጅ እገሌ» ተብሎ ይከበር ይሆናል እንጂ፣ ደጃዝማች ለመባል እርሱም ደጅ መጥናት፣ መዝመት፣ መታየት ነበረበት። ዘር አልጠቀመም አልልም፤ የመኳንንት ልጅ ከደጅ ጠኚው ሁሉ ፊት ይቆማል። ነገር ግን ከሰልፍ ፊት መቆምና ሰልፍን ጨርሶ አለማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእርግጥ በትውልድ የሚተላለፍ ሹመትም ነበር፤ የዋግ ሹምነት ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ሆኖም እርሱ ልዩ ሆኖ የሚጠቀሰው፣ አጠቃላዩ ሥርዓት ሌላ ስለነበር ነው።

ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የቋራና የደምብያው ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ ግዛታቸው ለልጆቻቸው አልጸናም፤ እቴጌ መነን እጅ ገባ። ከዚሁ ቤት ጋር የሚዛመደው ካሣ ኃይሉ ሸፈተ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብሎ እንደተሰደበ ይነገራል። ሊያሸንፉት ያልቻሉት እነዚያው ገዥዎች ግን የራስ ዐሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት፤ ደጃዝማችም ተባለ። ከዚያም የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ዘውድ ጭኖ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ማዕረግ በደም ብቻ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሰው ከቋራ ሽፍትነት ወደ ደረስጌ መቅደስ ሊደርስ አይችልም ነበር።

ሜሪስ? እርሷ በደምብያ ብትወለድ ኖሮ ዕጣዋ ምን በሆነ? ማዕረጉን አትወርስም፤ ወንድም ቢኖራት እርሱም አይወርስም። ርስቱን ግን ትካፈል ነበር። በጎንደርና በጎጃም ደጋዎች የርስት ሥርዓት፣ ሴትም ወንድም ልጅ በአባትም በእናትም ወገን ድርሻ መጠየቅ ይችሉ ነበር። በተግባር የሴቲቱ ድርሻ በወንድሟ እጅ እየቀረ ብዙዎች መጎዳታቸው አይካድም፤ ሆኖም «ሴት ነሽና አይገባሽም» የሚል ሕግ አልነበረም። እንግሊዞቹ ማዕረግንና መሬትን በአንድ ገመድ አስረው ለአንድ ወንድ ሲሰጡ፣ የእኛዎቹ ሁለቱን ለይተዋቸው ነበር፤ መሬቱ ለደም፣ ማዕረጉ ለሹመት።

ይህን ሁሉ ስል የድሮውን ሥርዓት ላወድስ አይደለም። ማዕረግ አለመወረሱ የራሱ መርዝ ነበረው። ነገ እንደሚሻር የሚያውቅ ሹም ዛሬ ይቸኩላል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ከዚህ የፈለቀ ነው። የሚቸኩለው ሹም የሚበላው ደግሞ የገበሬውን ጎተራ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻንና ባላገሮቻቸውን ለጠብ ያበቃቸው ከልማድ በላይ የተጠየቀ ግብር መሆኑን ያስታውሷል። ከሁሉ በላይ ልብ የምለው ግን ሌላ ነገር ነው። ፊታውራሪ እንደ ሎርድ ሮበርት ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ሰብለ ወንጌል ብቻ ናት ያለቻቸው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የታሪኩ ቋጠሮ «ፊታውራሪነቱን ማን ይወርሳል?» የሚል ጥያቄ አይደለም። ጭንቀቱ ለደሟ የሚመጥን ባል ማግኘት ነው። ሐዲስ አገራቸውን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ለታሪካዊ ድራማ ጸሐፊዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። የጠፋ ወራሽንና የተደበቀ ኑዛዜን ከባሕር ማዶ ለምን እንዋሳለን? የእኛ ድራማ ያለው ደጅ ጥናቱ ላይ ነው። አባቱ ደጃዝማች የነበረ ወጣት በሌላው አዳራሽ ደጃፍ ዓመት ሙሉ ቆሞ ሲጠብቅ፣ በጓሮ በር የገባው የትናንት አሽከር ካባ ለብሶ ሲወጣ ሲያይ ምን ይሰማዋል? ሹም ሽሩን፣ በአንድ ሌሊት ባዶ የሚቀረውን አዳራሽ፣ ርስት ፍለጋ ሰባት ትውልድ የምትቆጥረውን እኅት የሚያሳየን ማን ነው?

በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱ በአዋጅ ሲሻር፣ የመኳንንቱ ማዕረግም አብሮ ቀረ፤ ዘመኑ «ጓድ» የሚል ሌላ መጠሪያ አመጣ፤ እርሱም በተራው አለፈ። እስከ ዛሬ ግን «እኔ የደጃዝማች እገሌ የልጅ ልጅ ነኝ» ብሎ ከሰው በላይ ሊቆም የሚሻ አይታጣም። አያቱ ቢሰሙት ይስቁበት ነበር ብዬ አስባለሁ። እርሳቸው የዘመቱበትን ስም፣ እርሱ ተቀምጦ ሊወርሰው ይፈልጋልና።

ከሞት የተረፉ ማዕረጎች ግን አሉ። «ወይዘሮ» ጥንት የነገሥታትና የመሳፍንት ወገን የሆነች ሴት መጠሪያ ነበር። ዛሬ በባንክ መስኮት ተቀምጬ፣ ጉልት ሸጣ ያጠራቀመችውን ልታስቀምጥ የመጣችን እናት ስም ስጽፍ፣ ፊደሏን ሳላጓድል «ወ/ሮ» ብዬ እጀምራለሁ። አዋጅ አልሻረውም፤ ወራሽ አጥቶም አልጠፋም። ለሁሉ ስለተሰጠ ኖረ። ለአንድ ማዕረግ ከዚህ የተሻለ ዕጣ ያለ አይመስለኝም።

ስለ አንድ ግራዝማች ከሞነጫጨርኋት ሁለት ስንኝ ልሰናበት፦

ርስቱን ለልጆቹ፣ ስሙን ለሰፈሩ፣
ማዕረጉን ለሰጪው መለሰ በቀብሩ።