«ሲስተም የለም» የሚባለው ለምንድን ነው?

ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባና ሰው ሒሳቡ ላይ ካለው በላይ ከኤቲኤም ሲያወጣ፣ በሞባይል ሲያስተላልፍ አደረ። ወሬው በሜሴጅና በስልክ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ፤ ተማሪው በውድቅት ሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ግን ሰዓታት አለፉ። በኋላ ባንኩ አላግባብ ተወስዷል ያለው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር፤ አብዛኛው ተመልሷል፣ ያልመለሱ ሰዎች ደግሞ ስማቸውና ፎቶአቸው ወጥቷል።

ስለ ተማሪዎቹ ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ከመስኮቱ ጀርባ ስለተቀመጠው ሠራተኛ ነው፤ የዚህ ባንክ ብቻ ሳይሆን የየትኛውም ድርጅት።

ሲስተም ሲበላሽ ደንበኛ የሚጠይቀው ሕዝብ ግንኙነቱን አይደለም፣ ቴለሯን ነው። እሷ ደግሞ «ሲስተም የለም» ትላለች። ምን ተበላሸ? መቼ ይመለሳል? ብሬስ? አታውቅም። አይቲ ክፍል የሚያውቀው እሷ ጋ አልደረሰም፤ ብዙ ጊዜ እሷም ወሬውን የምትሰማው ከደንበኛው እኩል ከቴሌግራም ነው። ደንበኛው ታዲያ ሰልፉን በቪዲዮ ቀርጾ ይለጥፋል፤ ማታ ላይ «ውድ ደንበኞቻችን» የሚል ፖስተር ይወጣል። ማን ያምነዋል?

የድርጅቶች የተለመደ መፍትሔ ሠራተኛው ሶሻል ሚዲያ ላይ እንዳይጽፍ የሚከለክል ደብዳቤ መበተን ነው። የደንበኛ ምስጢር መጠበቅ አለበት፣ እዚህ ላይ ክርክር የለንም። ግን ውጭ እንዳታወራ የተባለች ሠራተኛ ውስጥ ምን ተነገራት?

ዕውቀቱ እኮ ጠፍቶ አይደለም። ተንጠልጥሎ የቀረ ዝውውር እንዴት እንደሚስተካከል የሚያውቅ አንድ ነባር ሠራተኛ በየቅርንጫፉ አይጠፋም። አዲሶቹ ግራ ሲገባቸው የሚደውሉት ለእሱ ነው። የጻፈው ነገር ግን የለም፤ ሥራ ሲቀይር ይዞት ይሄዳል። (ደመወዙን ስናይ ደግሞ መቀየሩ አይቀርም።)

መጻፍ ቢጀመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ችግር በተፈጠረ በደቂቃዎች ውስጥ ለሁሉም ቅርንጫፍ ሦስት መስመር መላክ፦ የተበላሸው ይሄ ነው፣ የደንበኛው ገንዘብ እንዲህ ነው፣ ቀጣዩን መረጃ በዚህ ሰዓት እንልካለን። ያኔ ቴለሯ የምትለው ነገር ይኖራታል፤ ሰልፉን የሚቀርጸው ልጅም እሷ ያለችውን ጨምሮ ይለጥፋል።