ገመዱ በአዘዞ ላይ ሲያልፍ ተማሪው በምን ይወዳደራል?

እስቲ ስለ አንድ ውኃ ልንገርዎት። መገጭ የሚባል ወንዝ አለን። ከጎንደር ተራሮች ተነሥቶ፣ አዘዞን ታክኮ፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ከጣና ውኃ ከፊሉ በዋሻ ተጠልፎ ወደ በለስ ይወርዳል፤ እዚያ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 460 ሜጋ ዋት ጣቢያ መብራት ያደርገዋል። መብራቱ ደግሞ በብሔራዊው መሥመር ይገባና ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ሸኸዲ፣ ከሸኸዲ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ይደርሳል። ይህን መሥመር በ2006 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና የሱዳኑ አልበሽር ገዳሪፍ ላይ አብረው መርቀውታል። ባጭሩ በደጃችን በእግሩ የወረደው ውኃ በራሳችን ላይ በገመድ እያለፈ ሱዳን ይሄዳል ማለት ነው። እኛስ? እኛማ ሻማ እንገዛለን።

ለጎረቤት አትሽጡ ማለቴ አይደለም። መሸጥ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት ሳያገኝ ስለሚሸጠው ኃይል ዋጋና ዕዳ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ይገርመኛል። ይጠይቃሉ ብዬ ተስፋ የማደርገው ደግሞ ተማሪዎቹን ነበር።

በቅርቡ አንድ ኮሌጅ (ስሙ ይቆየን) ባዘጋጀው የፈጠራ ውድድር ላይ ታድሜ ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ አስረዱ። አንዱ ምግብ በስልክ ማዘዣ ሠርቷል፤ ሌላው ያለ ሾፌር የሚሄድ የመኪና ሞዴል ይዞ ቀርቧል። ጭብጨባው ቀለጠ። አሸናፊዎቹ ሰርተፊኬት ተቀበሉ፣ ከክቡር እንግዳው ጋር ፎቶግራፍ ተነሡ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አዳራሹን የሚያበራው ከውጭ የሚያጓራው ጄኔሬተር ነበር፤ ስለሱ ግን አንድም ዳኛ ትንፍሽ አላለም።

ልጆቹን አልወቅስም፤ ጎበዞች ናቸው። የምወቅሰው ጥያቄ አውጪውን ነው። ማንንም የማያስቀይም፣ የየትኛውንም መሥሪያ ቤት በር የማያንኳኳ ጥያቄ ተፈልጎ ይወጣል፤ ተማሪውም ያንኑ ይሠራል። አገር የማያንገራግጭ ውድድር ለሹም ይመቻል። የድሮ ሰዎች ያስታውሳሉ፤ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን ሲከበር የግጥም ውድድር ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ይዞ የወጣው በዚያ መድረክ ነው። ርእሱ ብቻውን ቤተ መንግሥትን ለማስቆጣት ይበቃ ነበር። ተማሪ መድረክ ሲሰጠው ስለ አገሩ ይናገር ነበር ለማለት ያህል ነው፤ ያኔ ሁሉ ደህና ነበር እያልኩ አይደለም።

እሩቅ መሄድ ካላስፈለገ እዚሁ ጎንደር ምሳሌ አለ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር፣ ደምቢያን ወባ በፈጀበት ዘመን ነው። ያ ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን በቡድን አደራጅቶ ወደ ገጠር ይልካቸው ነበር። ጉድጓድ የሚቆጥሩ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ በሽታው ያለበት ቦታ ሄደው የሚማሩ ነበሩ። ታዲያ ለጤና የሆነ ለመብራት የማይሆነው ለምንድነው? የምሕንድስናውን፣ የኢኮኖሚክሱንና የሕጉን ልጅ አንድ ቡድን አድርጎ አዘዞ ላይ መልቀቅ ምን ከባድ ነገር አለው?

ጥያቄ ከጠፋ እኔ ልስጣቸው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። መንደሩ በአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን አስቡት። እስቲ ሙቀቱን የማያባክን ምጣድ የሚሠራ ይሸለም! እስቲ ከሰፈር ሰፈር የምጋገሪያ ሰዓት አሰላስሎ የሚያከፋፍል ይሸለም! (ሚስቶቻችን ሰዓት ተመድቦላቸው እንደማይጋግሩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተማሪው ይሞክርና ይሰደብ።)

ሌላም አለ። የመተማ ሰሊጥ በአዘዞ መገንጠያ ጥሬውን በኩንታል ያልፋል፤ የሚረጋው ዘይት ደግሞ ከባሕር ማዶ በጀሪካን ተጭኖ ይመጣል። ውኃው እንደሄደው ሰሊጡም ይሄዳል። እዚሁ ለመጭመቅ ስንት ኪሎ ዋት ይፈልጋል፣ መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት ቢቆይ ያዋጣል፣ ብድሩስ ከየት ይመጣል? ይህን ሒሳብ የሚሠራ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሞልቷል።

መንገዱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሱዳን ቤንዚን በዚሁ በመተማ በኩል መግባት ሲጀምር አዘዞ ደጀ ሰላም ሆና ነበር፤ ቦቴው ይሰለፋል፣ ሻይ ቤቱ ያድራል። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እርስ በርሷ ስትዋጋ፣ ከዚያም በሐምሌ መጨረሻ የኛው ክልል ጦርነት ሲቀጣጠል ነጋዴው በሁለት እሳት መሐል ገባ። የመብራት ደንበኛችንም ሒሳብ መክፈሉን አዘገየው። ደንበኛህ ቤቱ ሲቃጠል የሸጥክለትን ኃይል ወዴት ታዞረዋለህ? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ስለዚህ ጥያቄው ነገ ይብሳል እንጂ አይቀርም።

እንግዲህ ይህ እንዲሆን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ መረጃ። የትኛው ትራንስፎርመር ስንት ጊዜ ተቃጠለ፣ መሥመሩ በወር ስንት ሰዓት ተቋረጠ፣ ለሱዳን በስንት ተሸጠ፣ ስንትስ ተሰበሰበ? ተማሪ ደብዳቤ አጽፎ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር «ነገ ና» ይባላል፤ ነገም ነገ ነው። ያለ ቁጥር ምን ይወዳደር? ግምት ለግምት? መብራት ኃይል የአዘዞን የአንድ ዓመት መዝገብ ለኮሌጆቹ ቢለቅ ምሥጢር አይወጣበትም፤ መጥፋቱንማ እኛው እናውቀዋለን።

ሽልማት በጀት የለንም እንዳይሉ ደግሞ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ። ሰፈራችን ያለ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ወፍጮዬን በሳምንት አምስት ቀን ሳትቆም የምታስፈጭልኝን ልጅ አምጣልኝና አንድ ኩንታል የማኛ ጤፍ ዱቄት ከነጆንያው እሸልመዋለሁ ብለውኛል። ፎቶግራፍ ግን አልነሣም አሉ።