ገንዘቡን ማን ይቆጥራል?

ከጎባ ወደ ሃረና የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ሳነቴን መውጣት አለበት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አይጣል። ከዚያ ማዶ ጫካ ውስጥ ያለች አጥቢያ ማን ይስበክ፣ ጣሪያው መቼ ይጠገን እያለች አዲስ አበባ ትደውል? አይሆንም። ራሷ በመረጠቻቸው ሽማግሌዎች መመራቷ ልክ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው አገኟቸው። በመሃሉ ሽማግሌ የሾሙት፣ ያጠፋውንም የገሠጹት ራሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ግን "ራሳችንን ችለናል" ማለት አንዳንድ ቦታ መሸፈኛ ሆኗል። ፓስተሩ መሥራች፣ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥም እሱ! አሥራት በቴሌብር ስትልኩ የማን ስም ነው የሚመጣላችሁ? የቤተ ክርስቲያኗ ወይስ የሰውዬው? እስቲ እዩት።

በአዋጅ ቁጥር 1208/2012 የተቋቋመ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል አለ። ሰባኪ ይመድብልን አልልም፤ እሱ የአጥቢያ ሥራ ነው። ሒሳብ ላይ ግን ጎረቤት ይግባ። የሮቤዋን አጥቢያ መዝገብ የጎባ ሽማግሌዎች ቢያዩት፣ የጎባዋን ደግሞ የሮቤዎቹ፣ ምን ይጎድላል? ከተሞቹ እንደሆኑ በሚኒባስ ቅርብ ናቸው። ፓስተርና ሽማግሌ ሲጣሉም ፍርድ ቤት ከመሮጥ በፊት እነዚሁ ሰዎች ይቀመጡበት። ሪፖርቱ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለምእመኑ ይነበብ፤ ጥያቄ ያለው፣ ወጣትም ቢሆን፣ እጁን ያውጣ።